ብርቄን ማን ነካት?

ሬሳው የተሸፈነው በመፈክር ነበር። ከነገሌ ቦረና ወደ ዋደራ በሚወስደው መንገድ፣ ደን ውስጥ የሠፈረው «ንቁ ክንድ» የጣውላ አምራቾች ማኅበር፣ የአንድ ሰው ቁመት የሚሸፍን ንጹሕ ጨርቅ ቢፈልግ ያገኘው ለአብዮት በዓል ተጽፎ የተጠቀለለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ጃልዴሳ ዲዳ፣ የማኅበሩ የሞተር መጋዝ ቆራጭና የዓመቱ ኮከብ ሠራተኛ፣ ከአንገቱ እስከ እግሩ «ምርታችንን በእጥፍ እናሳድጋለን» የሚል ቀይ ጽሑፍ ለብሶ ጣውላ ላይ ተጋድሟል።

ሃምሳ አለቃ ዓለሚቱ ጨርቁን ገልጣ ደረቱን አየች፤ ተደርምሷል። ጭንቅላቱን ቀና አድርጋ ከማጅራቱ ከፍ ብላ ዳሰሰች፤ እዚያም ተሰንጥቋል። መልሳም ሸፈነችው።

«ብዙ አትድከሚ፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ» አለ ከኋላዋ የፓርቲው ተጠሪ ጓድ አበባየሁ። «ገዳዩ ተይዟል። ያንቺ ሥራ ቃሉን መቀበል ብቻ ነው።»

አለቃዋም ሲልካት ያላት ይህንኑ ነበር። የነገሌ ፖሊስ ምርመራ ክፍል ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ወንዶቹን ይልካል፤ ያለቀ ጉዳይ ሲመጣ ዓለሚቱን። እሷ ደግሞ ያለቀ ጉዳይ የመተርተር መጥፎ አመል ነበረባት።

ሌላም አመል ነበረባት። ቀናተኛ ናት። ባሏ ተክሉ የጦሩ ጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መልኩ የማያስተኛ ነው። ከነገሌ እስከ ሻኪሶ ባለው መንገድ ላይ ሻይ የምታፈላ ሴት ሁሉ፣ ስሟም የጸጉሯ አሠራርም በዓለሚቱ ጭንቅላት ውስጥ ተመዝግቧል። ባልደረቦቿ ይህን እንደ በሽታ ያዩታል። እሷ ግን ግማሹ ሙያዋ እሱ እንደሆነ ታውቃለች፤ የቀና ሰው ዓይን የት እንደሚያርፍ ከማንም በፊት ይታያታል። ዛሬም እዚህ የመጣችው በተክሉ መኪና ነው፤ መንገዱን ሙሉ እንዳኮረፈችው ነው።

«ማን ነው ገዳዩ?» አለች።

«ንዑስ ከበርቴው ዓብዱልመጂድ።» አበባየሁ ወደ ተቆለፈው ዕቃ ቤት በአገጩ አመለከተ። «የነገሌው እንጨት ነጋዴ። ከትናንት በስቲያ ማታ መጥቶ ማኅተም ያልተመታበት ግንድ ሽጥልኝ አለው። ጃልዴሳ እምቢ አለ፤ ኮከብ ሠራተኛ ነዋ። ተጨቃጨቁ። ነጋዴው ያደረው ደግሞ መጋዟ በምታድርበት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። አሁን ይህንን ተመልከቺ።»

መጋዟ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ጥርሳሙ ሰንሰለት ከረጅሙ ብረት በታች ረግቦ ተንጠልጥሏል።

«በሌሊት ሰንሰለቷን አላላ» አለ አበባየሁ። «ጃልዴሳ ትናንት ረፋድ ላይ ዝግባውን ሲቆርጥ ሰንሰለቷ ከዳችው። ዛፉ ያለ ሥርዓት ወደቀና ጨፈለቀው። አሻጥር ማለት ይሄ ነው። ባልሽ ለጦር ካምፑ የሚሄደውን ጣውላ ጭኖ ሲመለስ ሰውዬውንም ይወስደዋል፤ ነገሌ ፋይል ይከፈትለትና ቀጥታ ወደ አዋሳ። የኢኮኖሚ አሻጥርና ነፍስ ግድያ አንድ ላይ ከመጣ ደግሞ...» መዳፉን በመዳፉ አራገፈ።

ዓለሚቱ የዚያን እጅ ትርጉም ታውቃለች። ሁለቱም ከተጻፈበት ሰው ከአዋሳ የሚመለሰው ልብሱ ብቻ ነው። ተክሉና ጫኞቹ ጣውላውን መጫን ጀምረዋል።

«ተጭኖ ሳያልቅ እጨርሳለሁ» አለች፤ ወደ ደኑም ሄደች።

ወደ ዛፉ የመራት ጎዳና የሚባል ሠራተኛ ነው። ጎዳና በበሬ ግንድ የሚጎትት፣ አልፎ አልፎም መጋዟን የሚይዝ ተተኪ ቆራጭ ነው።

«አካም ጅርታ?» ብላ በቋንቋው ሰላም አለችው።

«ናጋ። ሰው ከሞተብን በቀር ናጋ ነን።»

የወደቀው ዝግባ በሁለት ወጣት ጥዶች መካከል፣ የአንዳቸውንም ቅርንጫፍ ሳይሰብር ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ሠራተኞቹ ጃልዴሳን ለማውጣት ከግንዱ ሥር ቆፍረዋል። ዓለሚቱ ጭንቅላቱ ያረፈበትን ቦታ አስጠቆመችና አፈሩን በጣቷ ወጋችው፤ ጣቷ ዘልቆ ገባ። የረገፈ ቅጠልና እርጥብ አፈር ብቻ፤ ጠጠር እንኳ የለበትም።

«ማን አገኘው?»

«ጫኞቹ። እኔም ከዳገቱ ማዶ እየሮጥኩ መጥቼ መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። ዛፍ ሲወድቅ ቆራጩ ያፏጫል፤ ‹ደህና ነኝ› ማለቱ ነው። ፉጨቱን ጠበቅን። ኮከብ ከሆነ ወዲህ ማፏጨቱን ንቆት ይሆናል ብለን ትንሽ ቆየን።»

«ትንሽ ምን ያህል ነው?»

«አንድ ሲጋራ ተጨሶ እስኪያልቅ።»

«አንተ ከማዶ ከማን ጋር ነበርክ?»

«ከበሬዎቼ ጋር። ምስክሮቼ እነሱ ናቸው። አማርኛ አይችሉም እንጂ።»

ዓለሚቱ ሳቋን ዋጠችና ወደ ዛፉ ተመለከተች። «ጓድ አበባየሁ ያለ ሥርዓት ወደቀ ይላል።»

«እሱ ዛፍ ሲወድቅ አይቶ ያውቃል?» አለ ጎዳና። «ይሄ ዛፍ የወደቀው እዚህ ውደቅ ተብሎ ነው። ጃልዴሳ፣ ነፍሱን ይማር፣ እንዲህ ቀጥ አድርጎ ሲጥል አይቼው አላውቅም።»

ጉቶው ሥር ከመሬት ብቅ ያለ ድንጋይ አለ። በላዩ ላይ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ጭረት አየች።

«መጋዟስ የት ተገኘች?»

«ብርቄ? እዚህ ጉቶው ላይ ቁጭ ብላ። እንደ እንግዳ።»

«ብርቄ ያላት ማነው?»

«ጋሽ ለገሰ፣ ከጃልዴሳ በፊት የነበረው ቆራጭ። የሞተር መጋዝ የሚያስተምር ፈረንጅ ሻሸመኔ ሲመጣ የተላከው እሱ ብቻ ነው። ከእሱ ጋር እያለች ማን ይነካታል? ሲያሳድራት ቀበቶዋን ይፈታላታል እያልን እንስቅበት ነበር። ጀርባውን ሰጥቶን አንድ ነገር ያደርጋታል፤ ምን እንደሆነ እንጃለት። ከዚያ ጃልዴሳ ኮከብ ሆነ። ጓድ አበባየሁ ‹መሣሪያ ለአምራች ክንድ› አለና ብርቄን ለእሱ ሰጠ። ጋሽ ለገሰ መጥረቢያ መሳል ላይ ቀረ።»

«አንተም የሟቹን ሚስት ስንቄን ልታገባ ነበር አሉ።»

ጎዳና ከጉቶው ላይ ሰጋቱራ አንስቶ በተነው። «ነበር። ከብቱን ሰብስቤ ነበር። የመድረክ ላይ ኮከብ ሲመጣ ከብት ምን ያደርጋል? ቀንቻለሁ፤ አልዋሽሽም። ሞቱን ግን ብመኝ ኖሮ በሠርጉ ቀን እመኝ ነበር። አሁንማ ለምጄው ነበር።»

ስንቄ፣ የሟቹ ሚስት፣ በመኪና ማቆሚያው ዳር ባለችው የሻይ ዳሷ ውስጥ ከሴቶች ጋር መሬት ተቀምጣለች። ምድጃው ቀዝቅዟል። ዓለሚቱ ስትገባ ስንቄ ቀና ብላ ያየችው ሊያስተዛዝን ከኋላዋ የገባውን ተክሉን ነው።

«ተኬ፣ ሄደብኝ አይደል?» አለችው።

ዓለሚቱ የሐዘን ቤት መሆኑን ለማስታወስ ከራሷ ጋር ታገለች። ተኬ። እሷ ራሷ ተኬ ለማለት ከጋብቻ በኋላ አንድ ክረምት ፈጅቶባታል።

«ጣውላው እየጠበቀህ ነው» አለችው ሳትዞር። እሱ ወጣ። ከዚያ ስንቄን የጠየቀችው መጠየቅ ካለባት በላይ ነው፤ ተክሉ ስንት ጊዜ ሻይ እንደጠጣ ሁሉ ሳይቀር። ስንቄ በቀላ ዓይኗ አየቻት።

«እሱ እዚህ ሲመጣ የሚያወራው ስላንቺ ነው» አለች። «እጅሽ ወጥ ላይ እንዴት እንደሆነ። አሁን ስለ ባሌ ጠይቂኝ።»

ዓለሚቱ አፈረች። «ዛፉ ሲወድቅ ዓብዱልመጂድ የት ነበር?»

«እዚህ። አንቺ በተቀመጥሽበት። ስኳር አነሰው ብሎ እየተነጫነጨ። ጫኞቹም ነበሩ። ለጓድ አበባየሁ ነግሬዋለሁ፤ ‹ያላላው በሌሊት ነው፣ ቀን የትም ይቀመጥ› አለኝ።»

«ባልሽና መጋዟ እንዴት ነበሩ?»

«እንደ ማንኛውም ዕቃ ነዋ። የሻዩን እንጨት ይቆርጥልኝ ነበር በእሷ፤ ሚስማር ያለበትን አሮጌ ሳንቃ ሁሉ። አንድ ቀን ጋሽ ለገሰ ያንን አይቶ ከዚህ ዳስ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ጠጥቶልኝ አያውቅም።»

ዓብዱልመጂድ በዕቃ ቤቱ ውስጥ የቤንዚን በርሜል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከነጋዴነቱ የቀረው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ እሱንም በእጅጌው ሸፍኖታል።

«ጋሽ ዓብዱልመጂድ፣ ምን ሊገዙ ነበር የመጡት?»

«እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፤ ውሸቱማ አላዋጣኝም። ማኅተም ያልተመታበት ዝግባ። ‹ማኅተሙን እኔው አምጥቼ እመታበታለሁ› አልኩት። ልጁ ግን ተጠራጣሪ ነው። ‹ማኅተም ካለህ ለምን በማታ መጣህ? ግንዱ የማን ተብሎ ነው ኬላ የሚያልፈው? ሲያዝስ ስም የሚጠራው ያንተ ነው የኔ?› አለኝ። ተናደድኩ። ሰደብኩት።»

«ሰንሰለቷን አላሉ ይላሉ።»

«እኔ የማውቀው ሰንሰለት የወርቁን ነው። እሷን አውሬ የሚነካ እጅ አለኝ?» እጁን ዘረጋ። «ባለቤቴ ቀድሪያ ነገሌ ሱቁን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነው። መኪናው በሱቃችን በኩል ነው የሚያልፈው? ሲያልፍ ታየኝ ይሆን?»

ከውጭ ጣውላ በጣውላ ላይ ሲነባበር ይሰማል።

ለገሰ ከመጥረቢያ መሳያው ዳስ ውስጥ፣ ሞረዱን በጨርቅ እየጠረገ ብድግ ብሎ ተቀበላት። ጸጉሩ የሸበተ፣ ጥፍሩ ሥር ዘይት የገባ ሰው ነው።

«ጋሼ ለገሰ፣ አይነሡ። ዛፉ ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ልጄ። ብቻዬን። ለኔ ምስክር የሚሆን ማን ይመጣል፤ ደንዝ መጥረቢያ ያለው ብቻ ነው የሚመጣው።»

«ስለ መጋዟ ይንገሩኝ።»

ፊቱ በራ። ስትነሣ እንዴት እንደምታስቸግር፣ ዘይትና ቤንዚኗ እንዴት እንደሚቀየጥ፣ በብርድ ጠዋት እንዴት እንደምታኮርፍ ነገራት። ስለ ጥርሷ አወራ፤ ስለ ድምጿ አወራ። ባሏን የምታውቅ ሴት እንኳ ስለ ባሏ ይህን ያህል አታውቅም። ዓለሚቱ እስኪበቃው ጠበቀችው።

«ታዲያ ሰንሰለቷ ለምን ላላ?»

ሞረዱ ላይ ያለው ጨርቅ ቆመ። «እኔ ምን አውቃለሁ። ከእጄ ከወጣች ቆየች።»

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ይህን ብቻ አለማወቁን ዓለሚቱ በልቧ ያዘች። ግን አለማወቅ ወንጀል አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ጓድ አበባየሁ መጀመሪያ ይታሰር ነበር።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ተክሉ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠዋት የቋጠረችለትን ምሳ ፈታ። መኪናው ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። እሷም ከጎኑ፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ተቀመጠች።

«ዓለም» አለ እየጎረሰ፤ «እንዲያ ተቆጥተሽ፣ በሩን ላዬ ላይ ወርውረሽ፣ ይህችን ስንግ ቃሪያ ግን አልረሳሻትም። እንዴት ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«የተቆጣሁት እኮ...» አለችና አቆመች።

የተቆጣችው በሻይ ሻጮቹ ላይ ነው። ብታገኛቸው ጸጉራቸውን ትነጫለች። እሱን ግን እንኳን ልትጎዳ፣ ምሳ ሳይበላ እንዲውል እንኳ አልቻለችም፤ እየተሳደበች ቃሪያ ሞላችለት። የቀና ሰው የሚመታው የወሰደበትን ነው። የተወሰደችበትንማ ይሳሳላታል።

ስትነሣ ተክሉ ደነገጠ። «ምን አልኩ?»

«ብላ፣ ተኬ» አለችው። «ስትጨርስ ጭነቱን አስቁመህ ሰዉን ሁሉ ሰብስብልኝ።»

በጣውላ ክምሩ ፊት ተሰበሰቡ። ጓድ አበባየሁ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ፤ ዓብዱልመጂድን ከዕቃ ቤቱ አውጥተው ከሁለት ጫኞች መካከል አቆሙት። ስንቄ ከሴቶቹ ጋር፣ ቀብሩ እንዲፈቀድላቸው የሚጠብቁት የሟች ዘመዶች ከሊበን እንደመጡ በትራቸውን ተደግፈው፣ ለገሰ ከኋላ፣ ጎዳና ከፊት። ብርቄ ግንድ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰንሰለቷ እንደረገበ።

«ጎዳና፣ አሁን ባለችበት ሁኔታ ይህንን ግንድ ቁረጥባት» አለች ዓለሚቱ።

«እንዲህ ሆና? ምን ትቆርጣለች።»

«ሞክር።»

ጎዳና ገመዱን ስቦ አስነሣት። ጥርሷ ግንዱን ገና ሲነካ ሰንሰለቱ ከብረቱ ሾልኮ ወጣና ተንጠልጥሎ ቀረ። ግንዱ ላይ የታየው የጥፍር ያህል ጭረት ነው።

«ጓድ አበባየሁ፣ ትናንት የወደቀውን ዝግባ ስንት ሰው እጁን ቢያያይዝ ያቅፈዋል?»

«እኔ ዛፍ አላቅፍም» አለ አበባየሁ።

«ሁለት ሰው ግድ ነው። ጉቶው ደግሞ እንደ ጠረጴዛ ለስልሶ ነው የተቆረጠው። ዛፉም የወደቀው ሁለት ጥዶች መሐል፣ ቅጠል ሳያረግፍ። ያለ ሥርዓት አልወደቀም። ሰንሰለቷ በሌሊት ላልታ ቢሆን ኖሮ ዝግባው አሁንም ቆሞ ነበር። ስለዚህ የላላችው ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው። ዛፉ ሲወድቅ ጋሽ ዓብዱልመጂድ ስለ ስኳር እየተነጫነጨ ነበር፤ እነዚህ ጫኞች አጠገቡ ነበሩ። ጫኞቹ ሮጠው ሲደርሱ ደግሞ ላልታ ጉቶው ላይ ተቀምጣለች። በመሐሉ ያለው አንድ ሲጋራ ነው።»

ዓብዱልመጂድ ዓይኑን ጨፈነ። አበባየሁ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፤ ወንበሩ ግን አልተመቸውም።

«አሁን አጥብቃት» አለችው ጎዳናን፤ «ከዚያ ሙሉውን ቁረጥ።»

ጎዳና ሰንሰለቱን በመፍቻ መልሶ አጠበቀ። ብርቄ ጮኸች፤ ሰጋቱራው በሰዉ እግር ላይ ተረጨ። አንዱን ጨረሰች፤ ዓለሚቱ ሌላ አስጨመረች፤ ከዚያም ሌላ። በመጨረሻ ከብረቷ ጢስ ወጣ፤ ዘይቱ ሸተተ።

«በቃ። ኤግዚቢት ናት፣ የፍርድ ቤት ማስረጃ። እንዳለች ሣጥን ውስጥ ትግባ፤ ሣጥኑም ይታሸግ» አለች ዓለሚቱ።

ጎዳና መጋዟን አንሥቶ ወደ ሣጥኑ ሄደ። አበባየሁ ሰዓቱን አየ። ስንቄ መሬት መሬት ታያለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

«ቆይ» አለ ለገሰ።

«ምን ሆነ፣ ጋሼ?»

«እንዲህ አትታሸግም። እየነደደች ነው።»

«ራሷ ትቀዘቅዛለች።»

«እሱ ነው ክፋቱ» አለ፤ ድምፁ ከፍ አለ። «ሰንሰለቱ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። እንደጠበቀ ከቀዘቀዘ አንጀቷን ነው የሚስበው፤ ዘንጓን ያጎብጣል። ፈረንጁ...» ሰዉን እየገፋ መጣ። መጋዟን ከጎዳና ተቀበለ፤ ግንድ ላይ አስቀመጣት፤ ከኪሱ መፍቻ አወጣ። ለሰዉ ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ። ሁለት ጊዜ አዞረ፤ ሰንሰለቱ ረገበ። በመዳፉ ነካት፤ የሞቀ ግንባር እንደሚነካ ሰው።

ዞር ብሎ የሰዉን ዓይን ሲያይ ነው የገባው። መፍቻው በእጁ እንዳለ ቀረ።

ዓለሚቱ ወደ እሱ ቀረበች። ስትናገር ድምጿን አላጎላችም።

«የጃልዴሳ ደረት የተሰበረው በግንዱ ነው፤ ጭንቅላቱ የተሰነጠቀው ግን ከኋላ ነው። ከጭንቅላቱ ሥር ያለው ለስላሳ አፈር ነው፤ አፈር ራስ አይሰነጥቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ከኋላ ተመታ፤ ቀጥሎ ዛፉ መውደቂያ ላይ ተጋደመ፤ ቀጥሎ አንድ እጅ ዛፉን ጨርሶ እዚያው ላይ ጣለው። እንዲህ አነጣጥሮ የሚጥል ሰው እዚህ ብዙ የለም። ጎዳና ምክንያት ነበረው፤ ስንቄ ተወስዳበታለች። ምስክርም የለውም። ግን ጎዳና ቢገድል ሮጦ ይሄድ ነበር። ገዳዩ አልሮጠም። ሰው እየመጣበት፣ ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ የመጋዝ ሰንሰለት አላላ። ‹ለምን?› ብዬ ስጠይቅ ዋልኩ። ማጥፊያ መሰለን እንጂ ማስታመም ነበር። ያንን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። ያንን ሳያደርግ መሄድ የማይችልም አንድ ሰው ነው።» መፍቻውን ከእጁ ወሰደች። «ጉቶው ሥር ያለውን ድንጋይ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ ለገሰ።»

ለገሰ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ልለምነው ነው የሄድኩት» አለ። «ጥርሷን ልሳልልህ፣ ሌላ አልፈልግም ልለው። ጃልዴሳ ድንጋዩን እያየው ነበር። ሆን ብሎ ብርቄን ድንጋይ አስነከሳት። ስትጮህ ሳቀ። ‹ሞረድህን ይዘህ ና፣ ሽማግሌ፤ ለሚስትህ ጥርስ አውጣላት› አለኝና ዞረ። የሽብልቁ መዶሻ እግሬ ሥር ነበር።» ወደ ስንቄ አየ፤ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። «ከዚያ ዛፉን እኔ ጨረስኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ እጄ ገባች። እንዲያ ተጎድታ እንኳ ለኔ እንዴት እንደቆረጠች ብታይ፣ ልጄ።»

ስንቄ ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች። ሁሉም ትመታዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ፊቱ ቆማ «ለእንጨት መቁረጫ?» አለችው፤ «ለእንጨት መቁረጫ ብለህ ነው ባሌን?» ከዚያ ሴቶቹ ደግፈው ወሰዷት።

ጓድ አበባየሁ ከወንበሩ ተነሣ። «ፓርቲው ገና ከመነሻው አሻጥር እንዳለ ነቅቶ ነበር» አለ። «አድራሻው ላይ ነው ትንሽ የተዛባው።» ዓብዱልመጂድም ተለቀቀ። ሁለቱን ጫኞች ዘመዶቹ እንደሆኑ ሁሉ አቀፋቸው፤ የሟቹን ሽማግሌዎች እጅ ሳመ፤ ዓለሚቱን ከእግዜር በታች አደረጋት። መኪናው ላይ ሊሳፈር አንድ እግሩን ካነሣ በኋላ ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ ያ የወደቀው ዝግባ ለማን ነው የሚሸጠው?»

«ጋሽ ዓብዱልመጂድ፣ ዕቃ ቤቱ ገና አልተቆለፈም።»

«ለማወቅ ያህል ነው» አለና ጣውላው ላይ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ጃልዴሳን ለመቅበር ወደ ዳገቱ ወሰዱት። የታሸገውን ሣጥን ጓድ አበባየሁ «ፓርቲው ያስረክባል» ብሎ በራሱ ኃላፊነት አስቀረው። ለገሰን እጁን አስረው ጋቢና ውስጥ፣ በተክሉና በዓለሚቱ መካከል አስቀመጡት። ስለ ፍርዱ አልጠየቀም። ስለሚጠብቀው እስር ቤትም አልጠየቀም። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ያየው የኋላ መስተዋቱን ብቻ ነው።

«ልጄ» አለ፤ «ከእንግዲህ ማን ይይዛታል?»

«ኤግዚቢት ናት» አለች ዓለሚቱ። «ታሽጋለች። ማንም አይነካትም።»

ለገሰ ሚስትህ ካንተ በኋላ አታገባም እንደተባለ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ዓይኑንም ጨፍኖ ወንበሩን ተደገፈ።

እሱ መስተዋቱን ሲተወው ዓለሚቱ ተመለከተችው። ጓድ አበባየሁ ሣጥኑን አስከፍቶ ወደ ቀረው የዝግባ ግንድ በጣቱ እየጠቆመ ነው፤ የጦር ካምፑ ጣውላ ለበዓሉ መድረስ አለበት። ጎዳና ብርቄን እግሩ ሥር አስቀምጦ ገመዷን ይዟል፤ አንድ ጊዜ ሳበ፤ አልተነሣችም።

«ተኬ» አለች ዓለሚቱ ቀስ ብላ፤ «ነዳጅ ስጠው።»

«መንገዱ ጎርባጣ ነው እኮ።»

«ስጠው አልኩህ።»

ተክሉ ፊቷን አየና ረገጠው። አሮጌው የጦር መኪና ጣውላውን እያንኳኳ አገሳ፤ ከበስተኋላ ሊሰማ የነበረውን ድምፅ ሁሉ ውጦ፣ ወደ ነገሌ ቁልቁለቱን ተያያዘው።